ሳምፕ ለቤት የአሳ ገንዳ፦ መብራት በሚጠፋበት ከተማ እንዴት ይሠራል? (ጎንደር)

የማራኪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነኝ። ሳሎናችን ውስጥ 120 በ50 የሆነ፣ ቁመቱ 50 ሳ.ሜ. የአሳ ገንዳ አለ። መስታወቱ 10 ሚሊ ነው፤ እዚሁ ከተማ አስቆርጠን ያሠራነው። ውስጡ ስድስት ጎልድፊሽ አሉ። ትንንሽ ሆነው ገብተው አሁን መዳፍ ያክላሉ። ሲበሉም ሲያቆሽሹም አይጣል ነው። ከጎን የሚንጠለጠለው ማጣሪያ አልቻላቸውም። ስፖንጁን ዛሬ ባጥበው ከነገ ወዲያ ቡናማ ጭቃ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ከገንዳው በታች በሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ፣ ሳምፕ በሚሉት፣ ላጣራ አስቤያለሁ። ብዙ ቪዲዮ አይቻለሁ። ግን የሚሠሩት ሰዎች መብራት የማይጠፋባቸው ይመስላሉ። እኛ ጋ በቀን ሁለቴም ሊጠፋ ይችላል። ያኔ የላዩ ውሃ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ሳሎኑን አያጥለቀልቀውም? ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

መቆሚያው ከቱቦላሬ የተበየደ ነው። ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ ርዝመቱ 110፣ ወርዱ 45፣ ቁመቱ 65 ሳ.ሜ. ነው። የሠራችሁ ካላችሁ መጠኑን፣ ዕቃውን፣ አሠራሩን ንገሩኝ። ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

አዘዞ_ውሃልክ

ልጄ፣ ስጋትሽ ትክክለኛ ስጋት ነው። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ አሳም አረባለሁ። ሳምፕ የሚፈተነው መብራት በጠፋባት ደቂቃና ተመልሶ በመጣባት ደቂቃ ነው። በመካከል ያለው ቀላል ነው። ስለዚህ ስለ ማጣሪያው ከማሰብሽ በፊት ስለ ጎርፉ አስቢ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በላይኛው ገንዳ ጠርዝ አጠገብ መውረጃ ቀዳዳ አለ። ፓምፑ ከታች ውሃ ሲልክ የላዩ ገንዳ ሞልቶ ትርፉ በቀዳዳው ይወርዳል። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ሲሞላ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ውሃ ቁልቁል የሚሄደው በራሱ ክብደት ነው። ፓምፑ የሚሠራው ሽቅቡን ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሽቅቡ ወዲያው ይቆማል። ቁልቁሉ ግን ውሃው ከመውረጃው አፍ በታች እስኪሆን ይቀጥላል። ይሄ ያን ያህል አያሰጋም። የሚያሰጋው የመመለሻው ቱቦ፣ ፓምፑ ውሃ ወደ ላይ የሚልክበት፣ ነው። ጫፉ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ከተቀመጠ ፓምፑ ሲቆም ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል፤ ጫፉ አየር እስኪያገኝ አያቆምም። ያንቺ ገንዳ 120 በ50 ነው። እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር 6 ሊትር ትይዛለች። ጫፉ 20 ሳ.ሜ. ከጠለቀ 120 ሊትር ይወርድብሻል። ሳሎን የሚያጥለቀልቀው ይሄ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የመመለሻውን ጫፍ ከውሃው ገጽ አንድ ሳ.ሜ. ብቻ ዝቅ አድርጊው። ከዚያ በላይ፣ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ቱቦው ላይ 3 ሚሊ ቀዳዳ ብሺ። ውሃው ትንሽ ሲወርድ በዚያች ቀዳዳ አየር ይገባና መሳቡ ይቆረጣል። ቼክ ቫልቭ፣ ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን፣ አስገቢ የሚሉሽ ይኖራሉ። ብታስገቢው አልከለክልሽም፤ ግን አትመኪበት። አንድ ቁራጭ ቅጠል ወይም ቀንድ አውጣ ከሥሩ ከገባ አይዘጋም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለቦታሽ 90 በ40፣ ቁመቱ 40 ሳ.ሜ. የሆነ ሳምፕ ይበቃል። ከላዩ 25 ሳ.ሜ. ክፍት ስለሚቀር እጅሽም ይገባል። እጅ የማይገባበት ሳምፕ አይጸዳም። ይህን ሳምፕ በአራት ክፍል ክፈይው፦ መጀመሪያ ውሃው የሚወርድበት 20 ሳ.ሜ. ያህል፤ ቀጥሎ የማጣሪያው ክፍል 35 ያህል፤ ከዚያ አረፋ የሚያስቀሩ ሦስት መከፋፈያ መስታወቶች በ3 ሳ.ሜ. ልዩነት፤ መጨረሻ ላይ ፓምፑ የሚቀመጥበት 25 ሳ.ሜ.።

መከፋፈያዎቹ 28 ሳ.ሜ. ከፍታ ይኑራቸው። የፓምፑ ክፍል ውሃ ሲሠራ 20 ሳ.ሜ. ላይ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ከላይ 3 ሳ.ሜ. ወረደ እንበል። 18 ሊትር ነው። ቱቦ ውስጥ ያለውን ጨምረሽ 22 በይው። የፓምፑ ክፍል 25 በ40 ስለሆነ አንድ ሳ.ሜ. 1 ሊትር ነው። ከ20 ወደ 28 ለመሙላት 8 ሊትር ይወስዳል። የቀረው 14 ሊትር በጠቅላላው ሳምፕ ላይ ይሰራጫል፤ እዚያ አንድ ሳ.ሜ. 3.6 ሊትር ነው። ወደ 4 ሳ.ሜ. ከፍ ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ውሃው 32 ሳ.ሜ. ላይ ይቆማል። ጠርዙ 40 ነው። 8 ሳ.ሜ. ተርፎሻል። እንቅልፍሽን ተኚ።

ደግሞ ተገላቢጦሹን አስቢ። መውረጃው ቢደፈንስ? ፓምፑ ክፍሉ ውስጥ ያለውን እስኪጨርስ ወደ ላይ ይልካል። 20 ሊትር አለ፤ ፓምፑ ከሥሩ 6 ሳ.ሜ. ያህል ሲቀረው አየር መሳብ ይጀምራል። ስለዚህ 14 ሊትር ይወጣል። ላይኛው ገንዳ ላይ 2.3 ሳ.ሜ. ነው። የላዩ ውሃ ከጠርዙ 4 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ አይፈስም። የፓምፑን ክፍል ትንሽ አድርጊ የምልሽ ለዚህ ነው። ሰፊ ክፍል ደኅና ይመስላል፤ ግን ቀን ሲጎድል ወደ ላይ የሚልከው ውሃ ብዙ ነው።

የማራኪዋ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን! ሒሳቡን ወረቀት ላይ ደግሜ ሠራሁት፤ ልክ ነው። አንድ ጥያቄ፦ ገንዳው ውሃና አሳ አለበት። ሳይበሳ፣ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ውሃ የሚስብ ሳጥን አይቻለሁ። እሱ አይሻልም?

አዘዞ_ውሃልክ

አይሆንም። ሌላ አገር ይሆን ይሆናል፤ እኛ ጋ ግን አልመክርም። ያ ሳጥን ውሃውን ጠርዙን አሻግሮ የሚያወርደው በሲፎን ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሲፎኑ ውስጥ አየር ገብቶ ከሆነ መውረጃው አይነሳም፤ ፓምፑ ግን ይነሳል። መብራት በወር አንዴ ለሚጠፋበት ሰው አደጋው ትንሽ ነው። በየቀኑ ለሚጠፋበት ግን መብራት በመጣ ቁጥር ዕጣ መጣል ነው። የተበሳ ገንዳ ውሃው ቀዳዳው ላይ ሲደርስ መውረዱን አይረሳም።

መስታወት_ቆራጩ

ስለ መብሳቱ እኔ ልግባ፤ የዕለት እንጀራዬ ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ መስታወቱ ቴምፐርድ (በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ) አለመሆኑን አረጋግጪ። ቴምፐርድ ከሆነ ፑንታው ሲነካው በአንዴ ተበትኖ እንደ ጨው ይፈሳል፤ አይበሳም። እዚህ ከተማ ተቆርጦ ከተገጠመ ግን ተራ መስታወት ነው፤ ቴምፐርድ ከተሠራ በኋላ አይቆረጥምና። መጠራጠር ከፈለግሽ መፈተኛ አለው። የላፕቶፕ ስክሪን ነጭ አድርገሽ ከመስታወቱ ጀርባ አቁሚ። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርገሽ ጭንቅላትሽን ጎን ለጎን እያዘነበልሽ እዪው። ነጠብጣብ ወይም የቀስተ ደመና ጥላ ከታየሽ ቴምፐርድ ነው። ጥርት ያለ ከሆነ ይበሳል።

የሚበሳው ከኋላ በኩል፣ ከላይ ነው። ወለሉን አትብሺ። ከኋላ ላይኛው ክፍል ላይ ያለ ቀዳዳ ቢያፈስ እንኳ የሚወርደው እስከ ቀዳዳው ድረስ ያለው ውሃ ብቻ ነው። በቀዳዳው ጫፍና በመስታወቱ ጠርዝ መካከል ቢያንስ የቀዳዳው ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ለምሳሌ ቀዳዳው 45 ሚሊ ከሆነ 45 ሚሊ መስታወት ይቅር።

የቀዳዳውን መጠን ከቱቦው አትነሺ። ሮቶ ላይ የሚገጠመውን የመውጫ ኒፕል ግዢ፤ በሁለት በኩል የጎማ ወሸርና ማጥበቂያ ያለውን። የጥርሱን ውፍረት ለኪ። ፑንታው ከዚያ ጥቂት ሚሊ ይብለጥ። 32 ሚሊ የሚባለው የቱቦው መጠን ነው እንጂ ኒፕሉ ከዚያ ይወፍራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

መብሻው ክብ የዳይመንድ ፑንታ ነው። ገንዳው ባዶ ይሁን። ከጀርባም ከፊትም ፕላስተር ለጥፊ። ትራፓኖውን በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ሳትጫኚ። መስታወት የሚሰበረው በመጫንና በሙቀት ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ያለማቋረጥ ውሃ ያንጠብጥበት። ፑንታው መስታወቱን ሊጨርስ ሲል ድምፁ ይቀየራል፤ ያኔ እጅሽን ይበልጥ አቅልይ። የጎማ ወሸሩን ከውሃው ጎን አድርጊ፤ በእጅ ብቻ አጥብቂ። በቁልፍ አታጥብቂው።

ለሳምፑ 6 ሚሊ መስታወት ይበቃል፤ መከፋፈያው 5 ሚሊ ይሁን። መከፋፈያውን ከውስጡ ስፋት 3 ወይም 4 ሚሊ አሳንሰሽ አስቆርጪ። ሲሊኮን የሚገባበት ቦታ ያስፈልገዋል። ልክ አድርገሽ ካስቆረጥሽ አስገድደሽ ታስገቢውና ጎኑን ይፈነቅለዋል።

ሲሊኮኑ ሲቀባ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ይሁን። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውን፣ ሻጋታ ይከላከላል የሚለውን፣ አደራ አትግዢ። ሻጋታ የሚገድልበት መድኃኒት አሳም ይገድላል። ከተጣበቀ በኋላ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ አንድ ሳምንት አቆይው። ጠዋት የነካሽው ደርቆ ቢመስልሽ የላዩ ቆዳ ነው።

የፋሲል_ሰፈር

ሳላስቀይም ልናገር። ሁላችሁም ስለ አሠራሩ ነው የምታወሩት። አስፈላጊ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ሳምፕ የሌላቸው ሦስት ገንዳዎች አሉኝ። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ነው የምጠቀመው። ዋጋው ትንሽ፣ የሚሰበር የለው፣ የሚያፈስ የለው። ገንዳ መብሳት፣ ቱቦ መዘርጋት፣ የፓምፕ መብራት መክፈል ለምን? ውሃ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው ዋናው።

አዘዞ_ውሃልክ

ወንድሜ፣ ምን ዓይነት አሳ ነው ያለህ?

የፋሲል_ሰፈር

ጉፒና ሶርድቴይል።

አዘዞ_ውሃልክ

ለጉፒ አልከራከርህም። ስፖንጅ ይበቃል፤ ይተርፋልም። የልጅቷ ግን ጎልድፊሽ ነው፣ መዳፍ የሚያክል። ኩሱ ብዙ ነው፤ አሸዋውን ሲቆፍር ይውላል። ለእሱ የሚሻለው ቆሻሻው ከአሳው ቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ ቢጠራቀም ነው። ውሃ መቀየሩ ግን ባልከው ልክ ነው። ሳምፕ ያለው ሰው ውሃ አይቀይርም የሚሉትን አትስሚያቸው ልጄ፤ ትቀይሪያለሽ።

ባዮ_ጎንደር

እኔ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ነው የማጠናው። ጎንደር ላይ ለሳምፕ የምከራከርበት አንድ ምክንያት አለኝ፤ ማንም አላነሳውም። ከፍታችን ነው።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። እዚህ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ ገደማ ነው። ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 25 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። ጎንደር ላይ ከ6.4 ብዙም አያልፍም። ኢንተርኔት ላይ የምናነበው ምክር ሁሉ ከእኛ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ሰዎች የጻፉት ነው። ይህን ያህል አሳ ይዛችሁ ችግር የለም ሲሉን ትንሽ መቀነስ አለብን።

ሳምፕ ደግሞ ውሃውን ከአየር ጋር ያገናኛል። ከላይ ተንቆርቁሮ ሲወርድ፣ በመከፋፈያው ሲሻገር፣ ሁሌ አዲስ ገጽ አየር ያገኛል። ከቻልሽ የማጣሪያ ድንጋዩን፣ ባክቴሪያ የሚኖርበትን፣ ግማሹን ከውሃው በላይ በቀዳዳ ሣጥን አድርጊውና ውሃው እየተንጠባጠበበት ይውረድ። ባክቴሪያው ኦክስጅን በጣም ይወዳል። የአሳውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። አሞኒያና ናይትራይት መርዝ ናቸው፤ ናይትሬት ደግሞ ሲበዛ ውሃ በመቀየር ይወጣል።

መብራት ሲጠፋም ይሄው ይረዳል። የተዘጋ የካኒስተር ማጣሪያ ውስጥ ውሃው ሲቆም ባክቴሪያው ያለውን ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል። መብራት ሲመጣ ያን የበሰበሰ ውሃ በቀጥታ አሳው ላይ ይተፋዋል። ካኒስተር ያላችሁ፣ ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ መጀመሪያ ውሃውን ድፉት፣ ከዚያ አስነሱት። ክፍት ሳምፕ ላይ ይሄ ጣጣ በጣም ይቀንሳል። ከውሃ በላይ ያለው ድንጋይ እርጥበቱ እስካለ ድረስ ከአየሩ ይተነፍሳል።

አዲስ ሳምፕ ላይ ባክቴሪያው እስኪራባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ የድሮውን ማጣሪያ ወዲያው አትንቀይው። ጎን ለጎን ይሥራ። የድሮውን ስፖንጅ ጭማቂ ሳምፑ ውስጥ ብትጨምቂው ይፈጥናል።

የማራኪዋ

ይሄ ጽሑፍ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት አሳዎቹ ለምን ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እንደሚከፍቱ አሁን ገባኝ።

ማጣሪያ ውስጥ ምን ላድርግ? የሴራሚክ ቀለበት የሚሉት ለ35 ሳ.ሜ. ክፍል ዋጋው አይቀመስም።

አዘዞ_ውሃልክ

ቀይ አሽ። ብሎኬት የሚሠሩ ሰዎች ጋ ታገኚዋለሽ። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ነው፤ ሁለመናው ቀዳዳ ነው። ባክቴሪያ የሚፈልገው ይህን ነው። ከባቄላ ከፍ የሚለውን ምረጪ፤ ደቃቁን ተዪው፣ ይደፍናል። እጠቢ፣ እንደገና እጠቢ። ውሃው ጥርት እስኪል። ጥቂቱ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና አትጠቀሚው።

ከድንጋዩ በፊት፣ ውሃው በሚወርድበት ክፍል፣ ሻካራ ስፖንጅ ወይም የማጣሪያ ካልሲ ይቅደም። ኩሱ እዚያ ይቅር። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ታጥቢዋለሽ። ድንጋዩን ግን ዝም በይው።

የፋሲል_ሰፈር

ድንጋዩን በአጎበር ጨርቅ ቋጥሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለማውጣትም ለማጠብም ይቀላል። አሮጌ አጎበር የሌለው ቤት የለም።

ባዮ_ጎንደር

እባክህን አጎበር አይሁን! ለወባ የሚታደለው አጎበር በፀረ ትንኝ ኬሚካል የተነከረ ነው። ኬሚካሉ ለሰው ብዙ አይጎዳም፤ ለአሳ ግን በጣም ጥቂቱ ገዳይ ነው። ታጥቧል፣ አርጅቷል ብሎ መተማመን አይቻልም። የሽንኩርት ከረጢት ተጠቀሙ፤ ያው መረብ ነው።

የፋሲል_ሰፈር

አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሌላውም ይህን ያንብብ።

ጎርጎሬው

ከጎርጎራ ነኝ። ዝም ብዬ ስከታተል ነበር። አንድ ጓደኛዬ ሳምፑ ውስጥ እምቦጭ አድርጎ ናይትሬቱን እንደሚቀንስለት ነግሮኛል። እዚህም ሳይነሳ አይቀርም ብዬ ነው ቀድሜ የምጽፈው።

እባካችሁ አታድርጉት። እውነት ነው፣ እምቦጭ ከውሃ ውስጥ ምግብ ይስባል። ሥሩም ጥሩ ማጣሪያ ነው። ግን ጣና ላይ ያደረገውን እኛ በዓይናችን እያየን ነው የምንኖረው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ ዳር ዳሩን ሸፍኖ ታንኳ እንዳይገባ፣ መረብ እንዳይጣል አድርጓል። ሰው በእጁ ሲነቅል ከርሞ በዝናብ ወቅት ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቁራጭ ከገንዳችሁ ጋር ወደ ቱቦ ብትደፉት ከቱቦው ወደ ወንዝ፣ ከወንዙ ወደ ሐይቅ ነው። የጎንደር ወንዞች በመገጭ በኩል ጣና ነው የሚገቡት። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

በዚያው ፈንታ ቤት ውስጥ በጣሳ የምናሳድገውን የሚንጠላጠለውን ፖቶስ ተጠቀሙ። ሥሩ ብቻ ሳምፑ ውስጥ ይግባ፣ ቅጠሉ ከውጪ ብርሃን ያግኝ። ናይትሬት ይወስዳል፤ የትም አያመልጥም።

ስለ አሳም አንድ ልበል። ከሐይቁ የቆሮሶ ጫጩት ለቤት ገንዳ ስጡን የሚሉ አሉ። ቆሮሶ አድጎ ከ30 ሳ.ሜ. በላይ የሚሆን አሳ ነው። አምባዛ ከዚያም ይብሳል። ለ300 ሊትር አይሆኑም።

የማራኪዋ

ጎርጎሬው፣ ልክ ነህ። ፖቶስ እናቴ ጋ ሞልቷል።

ስለ ፓምፕ ልጠይቅ። ገበያ ላይ በሰዓት 2,000 ሊትር የሚል፣ 3,000 የሚል አለ። የትኛው?

አዘዞ_ውሃልክ

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ምንም ከፍታ ሳይወጣ ነው። አንቺ ጋ ከሳምፑ እስከ ገንዳው ጠርዝ አንድ ሜትር ተኩል ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ ትልቁ የከፍታ አቅሙ ይጻፋል። 2 ሜትር ከሆነ አንድ ሜትር ተኩል ላይ የሚቀርልሽ ጥቂት ነው። 3 ሜትር የሚደርሰውን ውሰጂ። ገንዳሽ 300 ሊትር ነው፤ በሰዓት ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ቢዞር ይበቃል። 1,200 እስከ 1,800 ሊትር ማለት ነው፣ ከላይ ሲደርስ። ስለዚህ 3,000 የሚለው ይሻልሻል። ከበዛ በቫልቭ ትቀንሺዋለሽ። ቫልቩ ግን ከፓምፑ በኋላ ይሁን እንጂ ከፊቱ አይሁን። የሚስበውን ከዘጋሽበት ይጎዳል።

መውረጃው ሁልጊዜ ከመመለሻው ይወፍር። መመለሻው 20 ወይም 25 ከሆነ መውረጃው 32 ይሁን። ሁለት ቀዳዳ አስበሺ። አንዱ ዋናው፣ ሌላው መጠባበቂያ። መጠባበቂያው አፉ ሁለት ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ በደህናው ቀን ውሃ አይነካውም። ዋናው ቅጠል ቢይዘው መጠባበቂያው ይሸከመዋል።

ሁለት ቀዳዳ ካለሽ ደግሞ ጫጫታውንም ታጠፊዋለሽ። መውረጃ የሚያንቧቋቀው ውሃና አየር ተደባልቀው ሲወርዱ ነው። ዋናው መውረጃ ላይ፣ ከታች፣ በር ቫልቭ ግጠሚ። በጣም በቀስታ እየዘጋሽ አስተካክይው፤ ውሃው ቱቦውን ሞልቶ አየር ሳያስገባ እስኪወርድ። ያኔ ዝም ይላል። ማታ ሳሎን ቁጭ ብለሽ አሳ ስታዪ አትሰሚውም። ዞሮ ዞሮ ቤት ሰው የሚያርፍበት ነው፤ ሽንት ቤት የተከፈተ የሚመስል ድምፅ ይዞ የሚኖር ሰው የለም። መጠባበቂያ ሳይኖር ግን ዋናውን በቫልቭ እንዳታጠቢው።

ባዮ_ጎንደር

መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ዋናውን ፓምፕ በባትሪ ለማስኬድ አትጨነቂ። አነስ ያለ የ12 ቮልት አየር ፓምፕ ይበቃል። 5 ዋት የሚበላ ከሆነ የመኪና ባትሪ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። አየሩ የሚወጣበት ድንጋይ ላይኛው ገንዳ ውስጥ ይሁን፤ አሳው ያለው እዚያ ነው። መብራት ጠፍቶ እያለ አትመግቢያቸው። ሳይበሉ ጥቂት ቀን ቢውሉ ጎልድፊሽ ምንም አይሆንም፤ የበሉት ግን አሞኒያ ሆኖ ይወጣል።

ማሞቂያ አያስፈልግሽም። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ አሳ ነው፤ የጎንደር ሌሊት ይስማማዋል። ሞቃት ውሃ አሳ የያዛችሁ ግን ማሞቂያውን የፓምፑ ክፍል ውስጥ አታድርጉት። ውሃ ሲተን የሚጎድለው እዚያ ብቻ ነው። ከውሃ ውጪ ሆኖ የጋለ ማሞቂያ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። መሃል ክፍል ይሁን።

መስታወት_ቆራጩ

ዲቫይደሩን ሳምፑ አጠገብ መሬት ላይ የምታስቀምጡ፣ አደራ። ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ገመዱ ሶኬት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ ይውጣ። ውሃ በገመዱ ላይ ቢንጠባጠብ ከታችኛው እጥፋት መሬት ይወድቃል፤ ሶኬት ውስጥ አይገባም። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ንቀሉ።

የፋሲል_ሰፈር

እየተነነ የሚጎድለውን በራሱ እንዲሞላ የሽንት ቤት ታንከር ተንሳፋፊ ከቧንቧ ጋር ብታገናኝስ? በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ነው የሚጎድለው።

አዘዞ_ውሃልክ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ከቧንቧ ጋር ግን አይሁን። አንደኛ ክሎሪን አለበት። ሁለተኛ ተንሳፋፊው አንድ ቀን ቢይዝ ቧንቧው ማለቂያ የለውም። ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የ10 ሊትር ጀሪካን ጋር አገናኚው። ቢበላሽ እንኳ የሚፈሰው 10 ሊትር ነው፣ ሳምፑ ውስጥ ደግሞ ቦታ ትተናል።

ውሃውን ከሮቶ ቀድተሽ፣ አየር እየነፋሽበት አንድ ቀን ሙሉ ክፍት አቆይው። ክሎሪኑ ይወጣል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ሁሌም አንድ ሁለት ጀሪካን የቆየ ውሃ መያዝ ጥሩ ነው።

የማራኪዋ

ተመልሻለሁ። ሳምፑ ተሠራ! ሲሊኮኑ ሽታው ጠፍቶ ከደረቀ በኋላ ግቢ አውጥተን በውሃ ሞልተን አሳደርነው። መሬቱ ላይ ካርቶን ዘርግተን ስለነበር ጠብታ ብትወድቅ ይታወቅ ነበር። ደረቅ ነው። ገንዳውም ያለ ችግር ተበሳ፤ ወንድሜ ውሃ አንጠባጠበ፣ መስታወት ቤቱ በሳው።

ትናንት ሁሉንም ገጣጥመን አስነሳነው። ከዚያ ሆን ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩ። ውሃው ሲወርድ ሜትር ይዤ ቆምኩ። 31 ሳ.ሜ. ተኩል ላይ ቆመ። ጋሼ ካሉት በግማሽ ሳ.ሜ. ነው የተለየው! መልሼ ሰካሁ፤ መውረጃው መጀመሪያ ትንሽ ተንቧቋ፣ ከዚያ ዝም አለ። ዋናውን መውረጃ በጨርቅ ደፍኜም ሞከርኩ፤ መጠባበቂያው ተሸከመው።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ፦ እኔ ቤት በሌለሁበት እናቴ ውሃ ስትጨምር እንዳታበዛ ምን ላድርግ? እና ያቺ 3 ሚሊ ቀዳዳ አልጌ አይደፍናትም?

አዘዞ_ውሃልክ

እሰይ ልጄ! ደግ ሠርተሻል።

ለእናትሽ በፓምፑ ክፍል መስታወት ላይ በማይለቅ ማርከር ሁለት መስመር አስምሪ። የላይኛው 20 ሳ.ሜ. ላይ፣ የታችኛው 14 ላይ። ውሃ የሚጨመረው ፓምፑ እየሠራ ብቻ ነው፤ ይህን ደጋግመሽ ንገሪያቸው። መብራት ጠፍቶ እያለ ሳምፑ ሞልቶ ስለሚታይ ማንም አይጨምርም። አንዳንዱ ግን ያኔ በዛ ብሎ ይቀንስለታል፤ መብራት ሲመጣ ፓምፑ ውሃ አጥቶ በደረቁ ይሠራል። ስለዚህ መብራት ከሌለ አይጨመርም፣ አይቀነስምም።

ቀዳዳዋን አልጌ ይደፍናታል፣ አዎ። ስፖንጁን በምታጥቢበት ቀን በጥርስ መጎርጎሪያ ወጋ ወጋ አድርጊያት። ከወጋሻት በኋላ ሶኬቱን ነቅለሽ ውሃው 32 ሳ.ሜ. ሳይደርስ መቆሙን እዪ።